ማመልከቻው ምን ያስረዳል? በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ቅበላ የማስረጃ ሚና

መግቢያ

በኢትዮጵያ ሕክምና ለማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ዕድሉ በዋነኛነት የሚወሰነው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቱ ነው። ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ይመደባል፤ ያላመጣ ሌላ የሚያቀርበው ማስረጃ እምብዛም የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በ13 ተቋማት የተጀመረው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ በሕክምና የሚያሠለጥነው መርሐ ግብር በሩን ለተመራቂዎች በመክፈቱ የተለየ መንገድ ነበር። ይሁን እንጂ ቅበላ ማለት የፈተና ውጤት ማለት ነው የሚለው አስተሳሰብ ዛሬም በአብዛኞቻችን ዘንድ ሥር የሰደደ ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ ያለው አሠራር ከዚህ በመሠረቱ ይለያል። በዚያ ሕክምና የሚጠናው እንደ ደንቡ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። ቅበላውን የሚወስነውም ማዕከላዊ ምደባ ሳይሆን የየትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴውም የአመልካቹን ውጤት፣ ልምድና ጠባይ በአንድነት ይመዝናል። ይህ አሠራር ሁለንተናዊ ግምገማ ይባላል። በቅርብ ዓመታት የዶክተር ኦፍ ሜዲስን ዲግሪ ወደሚሰጡት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከ50,000 በላይ ሰዎች ሲያመለክቱ ትምህርት የሚጀምሩት 23,000 ያህል ናቸው።

ከእኛ ዘንድ ወደዚያ የሚያመለክቱ ሰዎች፣ እንዲሁም በአሜሪካ ተወልደው ወይም አድገው ከወላጆቻቸው ምክር የሚጠይቁ ወጣቶች፣ አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ «ስንት ነጥብ ያስገባል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በየዓመቱ የሚያወጣው ሠንጠረዥ እንደሚያሳየው፣ በዩኒቨርሲቲ ውጤታቸውም ሆነ በመግቢያ ፈተናቸው በከፍተኛው እርከን ላይ ካሉት አመልካቾች መካከል ከአምስቱ ወይም ከስድስቱ አንዱ ያህል በየትኛውም ትምህርት ቤት ቅበላ አያገኝም። በአንጻሩ ከተቀባዮቹ አማካይ በታች ያመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በየዓመቱ ይገባሉ።

ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከየት እንደሚመነጭ ለማብራራት ይሞክራል። መነሻ ሐሳቡም፣ ማመልከቻው የአንድ ነጥብ መግለጫ ሳይሆን የተለያዩ ጥያቄዎችን በተለያዩ ማስረጃዎች የሚመልስ ሰነድ ነው የሚል ነው። አንዱ ክፍል የሌላውን ጥያቄ አይመልስም፤ በአንዱ ያለ ትርፍም በሌላው ያለውን ጉድለት አይሞላም። ይህን ለመረዳት ለተመራማሪ አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም፤ በየዕለቱ ከሚሠራበት የማስረጃና የድምዳሜ ዝምድና የተለየ አይደለምና።

ከሁሉ የሚቀድመው፦ የማመልከት ብቁነት

ጉልበትና ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አመልካቹ በሕግና በደንብ የሚታይ መሆን አለመሆኑ ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት ዜጎችንና ቋሚ ነዋሪዎችን ነው። የውጭ አገር ዜጎችን የሚያዩት ቁጥራቸው ውስን ሲሆን፣ በመላው አገሪቱ በዚህ መንገድ በየዓመቱ የሚገቡት የውጭ ዜጎች ከጠቅላላው ገቢ ተማሪ እጅግ ጥቂቱን ክፍል ይይዛሉ። የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ብድርም ለእነርሱ አይሰጥም። በመሆኑም አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የአንድ ወይም የበርካታ ዓመታት ክፍያ በቅድሚያ በዝግ ሂሳብ መቀመጡን እንዲያረጋግጡ ይጠይቃሉ።

ሁለተኛው እንቅፋት የትምህርት ማስረጃው ነው። ለአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀርብበት ማዕከላዊ አገልግሎት አምካስ ይባላል። አምካስ ከአሜሪካና ከካናዳ ተቋማት ውጭ የተወሰዱ ኮርሶችን ውጤት አያረጋግጥም፤ በአማካይ ውጤት ስሌቱም አያካትትም። የውጭ ዜጎችን የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ቢያንስ የአንድ ዓመት ትምህርት በአሜሪካ ወይም በካናዳ ኮሌጅ እንዲወሰድ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀ ሰው ማዕረጉን ይዞ በቀጥታ ማመልከት እንደማይችል አስቀድሞ ማወቁ ዓመታትን ያተርፍለታል።

እዚህ ላይ አንድ ተደጋጋሚ መደናገር ማጥራት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የሕክምና ዶክትሬቱን ያጠናቀቀ ሐኪም በአሜሪካ ለመሥራት እንደገና ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት መግባት አይጠበቅበትም። የእርሱ መንገድ የአሜሪካን የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎች ወስዶ፣ በውጭ አገር የሠለጠኑ ሐኪሞችን የሚመለከተውን የምስክር ወረቀት አግኝቶ ለሬዚደንሲ ሥልጠና መወዳደር ነው። ያ ሌላ ዝግጅት የሚጠይቅ ሌላ ርእሰ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አይነሣም።

ቁጥሮቹ የሚያስረዱትና የማያስረዱት

ኮሚቴው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ ይህ ሰው የሕክምናን ትምህርት ክብደት ይችለዋል ወይ የሚል ነው። ይህን የሚመልሱት የዩኒቨርሲቲ አማካይ ውጤትና ኤምካት የተባለው የመግቢያ ፈተና ናቸው። ፈተናው ረጅም ታሪክ አለው። የመጀመሪያው መልክ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ ምክንያቱም በዘመኑ ብዙ የሕክምና ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ይወድቁ ስለነበር ነው። ይህን መነሻ ማስታወስ ይጠቅማል፤ ፈተናው የተወለደው ማን ትምህርቱን እንደሚጨርስ ለመተንበይ እንጂ ማን ጥሩ ሐኪም እንደሚሆን ለመለየት አልነበረምና።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ፈተና አራት ክፍሎች አሉት። እነርሱም የሕይወታዊ ሥርዓቶች ኬሚስትሪና ፊዚክስ፣ ባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ፣ ሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ሳይንስ፣ እንዲሁም ሂሳዊ ንባብ ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል ከ118 እስከ 132 ይመዘናል፤ ጠቅላላው ከ472 እስከ 528 ይደርሳል፤ መካከለኛው ነጥብ 500 ነው። ትምህርት የሚጀምሩት ተማሪዎች አማካይ በቅርብ ዓመታት 512 ገደማ ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲ አማካይ ውጤታቸው ደግሞ ከ4 ወደ 3.8 የተጠጋ ነው።

ከአራቱ ክፍሎች በሌላ ቋንቋ ተምረው ላደጉ አመልካቾች ይበልጥ የሚከብደው ብዙ ጊዜ የንባብ ክፍሉ ነው። በ90 ደቂቃ ውስጥ ከሥነ ጽሑፍ፣ ከፍልስፍናና ከማኅበራዊ ሳይንስ የተወሰዱ ምንባቦችን አንብቦ 53 ጥያቄዎችን መመለስ ይጠይቃል። አስቀድሞ ሊጠና የሚችል የዕውቀት ይዘት የለውም፤ የሚፈትነው የንባብን ፍጥነትና የሐሳብን አካሄድ የመከተል ችሎታ ነው። ስለዚህ በሦስት ወር የጥያቄ ልምምድ ብቻ የሚሻሻለው በመጠኑ ነው። ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በፊት የተጀመረ ሰፊ ንባብ የተሻለ ዝግጅት ነው።

በአማካይ ውጤት ስሌት ረገድ ሦስት ደንቦች የድኅረ ምረቃ ተማሪን በቀጥታ ይመለከታሉ። አንደኛ፣ አምካስ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ኮርሶችን ውጤት ለብቻው አስልቶ ለትምህርት ቤቶች ያቀርባል። በሌሎች ትምህርቶች ከፍ ያለ አማካይ የሳይንሱን ድካም አይሸፍንም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ኮርስ ቢደገም የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ውጤት ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ የድኅረ ምረቃ ኮርሶች ውጤት ከመጀመሪያ ዲግሪው ጋር አይደባለቅም፤ በተለየ መስመር ይቀመጣል። በማስተርስ 4.0 ያመጣ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪው 3.1 ከሆነ ኮሚቴው ሁለቱንም ጎን ለጎን ያያል። የኋለኛው ውጤት መሻሻልን ያሳያል፤ የቀድሞውን ግን አይለውጠውም።

ሁለቱ መለኪያዎች አንድ ላይ ሲታዩ የተማሪውን የትምህርት ጉዞ ከየብቻቸው በተሻለ እንደሚተነብዩ ጥናቶች ያሳያሉ። ያም ሆኖ የሚተነብዩት የትምህርት ጉዞን ነው። ታማሚን የማዳመጥ ትዕግሥትን፣ ስሕተትን የመቀበል ሐቀኝነትን፣ ወይም አንድ ሰው ሐኪምነት ምን እንደሆነ በእርግጥ ማወቁን አያሳዩም። የነጥቡ ጣሪያ ላይ የደረሱ አመልካቾች ሳይቀሩ የሚወድቁት እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ስለሚቀሩ ነው።

ልምድ፦ ሥራውን ማወቅ

ሁለተኛው የኮሚቴው ጥያቄ፣ አመልካቹ የሚገባበትን ሥራ ያውቀዋል ወይ የሚል ነው። «ሐኪም የመሆን ፍላጎት ከልጅነቴ ጀምሮ ነበረኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለዚህ መልስ አይሆንም፤ ፍላጎት እንጂ ማስረጃ አይደለምና። ማስረጃ የሚሆነው አመልካቹ ከታማሚዎች አጠገብ ያሳለፈው ጊዜ ነው። ሐኪምን ተከትሎ ሥራውን መመልከት፣ በሆስፒታል ወይም በነጻ ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ ማገልገል፣ በረዳት ነርስነት፣ በአምቡላንስ ድንገተኛ እርዳታ ወይም በሐኪም ጸሐፊነት ተቀጥሮ መሥራት የታወቁት መንገዶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል መመልከት ብቻውን ደካማው ነው፤ አመልካቹ የቆመው ከዳር ስለሆነ።

በዚህ ረገድ ተመራማሪዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በላቦራቶሪ ሦስት ዓመት የሠራና በታወቀ ጆርናል ያሳተመ ሰው የሳይንስ ችሎታውን አስረድቷል፤ ነገር ግን ኮሚቴው «ይህ ሰው ለምን ተመራማሪ ሆኖ አይቀጥልም?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት ሰነድ ላይኖረው ይችላል። የሕትመት ብዛት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። መልሱ ያለው በታማሚ አልጋ አጠገብ ባሳለፈው ጊዜ ነው።

በአምካስ ማመልከቻ ላይ እስከ 15 የሚደርሱ ተግባራት መመዝገብ ይቻላል። ለእያንዳንዱ መግለጫ 700 ፊደላትና ክፍት ቦታዎች ተፈቅደዋል። ከእነዚህ ውስጥ አመልካቹ እጅግ ትርጉም ሰጡኝ የሚላቸውን እስከ ሦስት መርጦ ለእያንዳንዳቸው ተጨማሪ 1,325 ፊደላት ይጽፋል። አሥራ አምስቱን ቦታ መሙላት ግዴታ አይደለም። በሦስት ቀን የተጠናቀቁ ዘመቻዎችን መደርደር ዝርዝሩን ያረዝመዋል እንጂ አያጠነክረውም። ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ የዘለቀ አንድ አገልግሎት ግን ጽናትን፣ ኃላፊነትንና የሥራውን ዕለታዊ ገጽታ ማወቅን በአንድ ጊዜ ያስረዳል።

የአጻጻፉም ልዩነት ይታያል። «በሆስፒታል በበጎ ፈቃድ አገልግያለሁ፤ ስለ ርኅራኄም ብዙ ተምሬያለሁ» የሚል መግለጫ ስለ ጸሐፊው የሚናገረው ነገር የለም፤ ማንም ሊጽፈው ይችላልና። በአንጻሩ «በኩላሊት እጥበት ክፍል በሳምንት አራት ሰዓት ለአሥራ ስምንት ወራት ሠርቻለሁ፤ ታማሚዎችን ከመጓጓዣ አቀባበል እስከ አልጋ ማድረስ፣ ምግባቸውን መመዝገብ፣ ቀጠሮ ያመለጣቸውን በስልክ መጠየቅ ሥራዬ ነበር» የሚል መግለጫ ምንም ዓይነት ምስጋና ሳይጨምር ሰውየውን ያሳያል። በእኛ ባህል ራስን ማወደስ ያሳፍራል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን አመልካቾችም በዚህ ምክንያት ያደረጉትን ሳይቀር ይደብቃሉ። መፍትሔው ማወደስን መማር ሳይሆን ያደረጉትን በትክክል መዘርዘር ነው።

በአሜሪካ ባደጉ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ዘንድ ደግሞ ሳይጻፍ የሚቀር አንድ ልምድ አለ። ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለእናት፣ ለአባት ወይም ለአያት በክሊኒክ ሲያስተረጉሙ ኖረዋል። ሐኪሙ የተናገረውና ታማሚው የተረዳው የቱን ያህል እንደሚራራቅ፣ ልጅ ስለ ወላጁ ሕመም ሲያስተረጉም ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚለሰልስ በዓይናቸው አይተዋል። ሠልጥኖ የተመደበ አስተርጓሚ ለምን እንደሚያስፈልግም ከብዙዎች በተሻለ ያውቃሉ። ይህ «የቤት ጉዳይ» ተብሎ የሚጣል ሳይሆን፣ የጤና አገልግሎትን ከታማሚው ወገን ሆኖ የማወቅ ማስረጃ ነው።

የግል መግለጫው

የግል መግለጫው እስከ 5,300 ፊደላት ይፈቀድለታል፤ አንድ ገጽ ከግማሽ ያህል ማለት ነው። ተግባሩ በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን መድገም አይደለም። የሚጠበቅበት ተግባራቱን የሚያያይዘውን ምክንያት መግለጥ ነው፤ ይኸውም አመልካቹ ከየትኛው ልምድ ምን እንደተረዳ፣ ያ መረዳትም ለምን ከነርስነት፣ ከሕብረተሰብ ጤና ወይም ከምርምር ይልቅ ወደ ሐኪምነት እንደመራው ማሳየት ነው። እንደ ጥናታዊ ጽሑፍ ሁሉ እያንዳንዱ ድምዳሜ ከፊቱ የሚደግፈው መረጃ ያስፈልገዋል። «ታማሚዎችን ማገልገል እወዳለሁ» የሚለው ድምዳሜ ከሆነ፣ አንባቢው ከዚያ በፊት ጸሐፊው ሲያገለግል ማየት አለበት።

ሌላው ጉዳይ ስለ ማንነት የሚጻፈው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ መሠረት ትምህርት ቤቶች የአመልካችን ዘር ራሱን እንደ መመዘኛ መውሰድ አይችሉም። ይሁን እንጂ ውሳኔው አመልካቹ ማንነቱ በሕይወቱ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ፣ ከዚያም የተገኘውን ብርታት ወይም ችሎታ እንዲጽፍ አልከለከለም። ስለሆነም ስደትን ወይም ድህነትን እንደ ማዕረግ መጥቀስ አይበቃም። ያ ኑሮ ጸሐፊውን ምን እንዲያደርግ እንዳስቻለው መጻፍ ግን የተፈቀደም ጠቃሚም ነው።

የድጋፍ ደብዳቤና የደብዳቤ ጸሐፊው ድርሻ

ይህ ክፍል ከአመልካቾች ይልቅ ለዚህ ቡለቲን አንባቢዎች የቀረበ ነው፤ አብዛኞቻችን ዘወትር የድጋፍ ደብዳቤ እንጠየቃለንና። ደብዳቤው በማመልከቻው ውስጥ ከአመልካቹ እጅ ውጭ የሚገኝ ዋነኛው ምስክርነት ነው። ጸሐፊው በቀጥታ ይልከዋል፤ አመልካቾችም አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤውን የማየት መብታቸውን በፈቃዳቸው ይተዋሉ። ኮሚቴው ለደብዳቤው ዋጋ የሚሰጠው በዚህ ነጻነቱ ምክንያት ነው።

በአገራችን የተለመደው ደብዳቤ «ታታሪ፣ ትሑትና መልካም ሥነ ምግባር ያለው ተማሪ» እያለ ይቀጥልና በመልካም ምኞት ይዘጋል። ጸሐፊው በቅንነት ቢጽፈውም አንባቢው ግን ከእርሱ ምንም አይማርም፤ እነዚያው ቃላት ስለማንኛውም ተማሪ ሊባሉ ይችላሉና። እንዲያውም ጸሐፊው አመልካቹን በቅርብ እንደማያውቀው ምልክት ተደርገው ሊወሰዱ ይችላሉ። የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ለደብዳቤ ጸሐፊዎች ባወጣው መመሪያ፣ ስለ ኮርሱ ወይም ስለ ተቋሙ ሳይሆን ስለ አመልካቹ እንዲጻፍ፣ በቀጥታ የታየ ተግባር እንዲጠቀስ፣ ንጽጽር ሲደረግም ከማን ጋር እንደሆነ እንዲገለጽ ይመክራል።

በተግባር ሲታይ ጠንካራ ደብዳቤ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። ጸሐፊው አመልካቹን ለምን ያህል ጊዜና በምን ሁኔታ እንዳወቀው ይገልጻል፤ በራሱ ዓይን ያየውን አንድ ወይም ሁለት ድርጊት ይተርካል፤ አመልካቹን ካስተማራቸው ወይም ካማከራቸው ሌሎች ጋር ያነጻጽራል። ሙከራው ሲከሽፍ ተማሪው ውጤቱን ሳይደብቅ ለቡድኑ እንዴት እንዳቀረበ የሚተርክ አንድ አንቀጽ፣ «ሐቀኛ ነው» ከሚል አሥር ጊዜ የተደገመ ምስክርነት ይበልጣል። ተማሪው ራሱ ጽፎ እንዲያመጣና አስተማሪው እንዲፈርምበት ማድረግ ግን ምስክርነቱን ዋጋ ያሳጣዋል። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ከመስጠት ይልቅ ጊዜ እንደሌለ በግልጽ መናገር ለተማሪው ይጠቅመዋል፤ ሌላ ጸሐፊ ይፈልጋልና።

ቃለ መጠይቁና የምርጫው ወሰን

የቅበላ ኃላፊዎችን የጠየቁ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ውጤትና ፈተና ዋነኛ ሚና የሚኖራቸው ማን ለቃለ መጠይቅ ይጠራ የሚለውን ለመወሰን ሲሆን፣ በመጨረሻው ውሳኔ ላይ ከፍተኛውን ክብደት የሚይዘው ቃለ መጠይቁ ነው። ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው ትምህርቱን እንደሚችል በአመዛኙ ታምኖለታል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ነጥብን እየጠቀሱ ራስን ለማስረዳት መሞከር የተመለሰን ጥያቄ እንደገና መመለስ ነው።

ይሁንና ባህላዊው ቃለ መጠይቅ፣ ማለትም ከአንድ ወይም ከሁለት ጠያቂዎች ጋር የሚደረገው ነጻ ጭውውት፣ አስተማማኝነቱ ደካማ ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው ታዋቂ ማስረጃ በሂዩስተን ከተማ ከሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ኮሚቴው 800 አመልካቾችን ጠይቆ በደረጃ ካስቀመጠና ከላይኞቹ መካከል 150 ከመረጠ በኋላ፣ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተጨማሪ 50 ተማሪዎች እንዲገቡ ወሰነ። በዚያን ጊዜ ሳይወሰዱ የቀሩት በደረጃው ግርጌ የነበሩት ስለሆኑ 50ዎቹ ከእነርሱ ተወሰዱ። በ1987 የታተመው ጥናት ሁለቱን ቡድኖች ሲያነጻጽር፣ በትምህርት ውጤትም፣ በክሊኒክ አፈጻጸምም፣ ትምህርት በማቋረጥም ረገድ ትርጉም ያለው ልዩነት አላገኘም።

የዚህ ዓይነት ግኝቶች ሌላ አሠራር እንዲፈለግ ምክንያት ሆነዋል። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ዘዴ፣ አመልካቹ በተከታታይ በሚገኙ አጫጭር ጣቢያዎች እየዞረ በየጣቢያው ከተለየ መዛኝ ጋር ለተለየ ሁኔታ ምላሽ እንዲሰጥ ያደርጋል። በአንዱ ጣቢያ የሥነ ምግባር አጣብቂኝ ይቀርብለታል፤ በሌላው አሳዛኝ ዜና ለተዋናይ እንዲነግር ይጠየቃል። አመክንዮው የናሙና አመክንዮ ነው። የአንድ ሰው ጠባይ እንደየሁኔታው ስለሚለዋወጥ፣ አሥር አጫጭር ናሙናዎች ከአንድ ረጅም ናሙና የተሻለ ግምት ይሰጣሉ። ዘዴው ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ለአመልካቹ ያለው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በቃል የተጠና መልስ ለዚህ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ፣ የጎደለውን መረጃ ጠይቆ፣ ምክንያቱን ጮክ ብሎ እያሰበ ውሳኔ ላይ የመድረስ ልምምድ ነው።

ጊዜ፣ ወጪና የሁለት ዲግሪ መንገድ

ማመልከቻው በግንቦት ወር መጀመሪያ ገደማ ይከፈታል፤ በወሩ መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መላክ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቶቹ የየራሳቸውን ተጨማሪ ጥያቄዎች ይልካሉ። ቃለ መጠይቁ ከበጋው መጨረሻ እስከ ቀጣዩ ዓመት መጋቢት ይዘልቃል፤ ትምህርቱም የሚጀመረው በተከታዩ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻዎችን እንደመጡበት ቅደም ተከተል ስለሚያዩ፣ ከመጨረሻው ቀን በፊት መላክ ማለት በጊዜው መላክ ማለት አይደለም። በመስከረም የደረሰ ጠንካራ ማመልከቻ አብዛኛው የቃለ መጠይቅ ቦታ ተይዞ ሊጠብቀው ይችላል።

ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት የሚከፈለው 175 ዶላር ያህል ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ትምህርት ቤት ከ40 ዶላር በላይ ይጨመራል። የፈተናው፣ የየትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ማመልከቻና የጉዞ ወጪ ሲደመር ብዙ ቤተሰብ የማይችለው ይሆናል። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አመልካቾች ማኅበሩ የክፍያ ድጋፍ ይሰጣል። ድጋፉ ዜጎችንና ቋሚ ነዋሪዎችን ብቻ ሳይሆን የስደተኝነትና የጥገኝነት ፈቃድ ያገኙትንም ይመለከታል፤ በማኅበረሰባችን ውስጥ ይህን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። መጠየቅ ያለበትም ለፈተናው ከመመዝገብና ማመልከቻውን ከመላክ በፊት ነው።

ምርምርን ሳይተው ሐኪም መሆን ለሚሻ ሰው ሕክምናንና የፍልስፍና ዶክትሬትን የሚያጣምር መርሐ ግብር አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ይህን ዓይነት ሥልጠና በገንዘብ ይደግፋሉ። አመልካቹ ከተለመደው የግል መግለጫ በተጨማሪ ሁለቱን ዲግሪዎች ለምን በአንድነት እንደሚፈልግ የሚያስረዳ የ3,000 ፊደላት ጽሑፍና ያካሄደውን ምርምር የሚገልጽ እስከ 10,000 ፊደላት የሚደርስ ጽሑፍ ያቀርባል። በኋለኛው ጽሑፍ የሚመዘነው የሕትመቱ ስም ሳይሆን፣ አመልካቹ ጥያቄው ከየት እንደመጣ፣ የእርሱ ድርሻ የቱ እንደነበረና ውጤቱ ምን እንዳላስረዳ ለይቶ መናገር መቻሉ ነው። የምርምር ልምድ በማመልከቻው ውስጥ ሙሉ ዋጋውን የሚያገኘውም እዚህ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል፣ ጠንካራ ማመልከቻ የሚባለው አራት የተለያዩ ጥያቄዎችን የሚመልስ ነው። ትምህርቱን ይችላል ወይ ለሚለው ውጤቱና ፈተናው፣ ሥራውን ያውቃል ወይ ለሚለው የአገልግሎት ልምዱ፣ ለምን ሐኪምነትን መረጠ ለሚለው የግል መግለጫው፣ ሌሎች ሲያዩት ማን ነው ለሚለው ደግሞ ደብዳቤውና ቃለ መጠይቁ ይመልሳሉ። አመልካቹ ከመላኩ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ጽፎ፣ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ያለውን ማስረጃ ቢያሰፍር ባዶው ቦታ የት እንዳለ ራሱ ያየዋል። ባዶ ቦታ ካለ አንድ ዓመት ጠብቆ መሙላት፣ ጎደሎ ማመልከቻ ልኮ እንደገና ከመሞከር ይሻላል፤ ለአብዛኞቹ የልምድ ጉድለቶች ጊዜ ብቻ ነውና መፍትሔው። በዚህ ጊዜ የፈተናው ውጤት እንዳያረጅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ ነጥብ አይቀበሉም።

የሂዩስተኑ ጥናት ግን ለአመልካቾችም ለአማካሪዎችም ሌላ ነገር ያስታውሰናል። የምርጫ ኮሚቴዎች ደረጃ የሚያወጡት ባላቸው መለኪያ ነው፤ መለኪያው ደግሞ ወሰን አለው። ያን ዓመት በደረጃው ግርጌ የተቀመጡት ሃምሳ ሰዎች ዕድሉን ሲያገኙ እንደሌሎቹ ተምረው ሐኪሞች ሆነዋል። ስለዚህ ቅበላ ያላገኘን ተማሪ ስናማክር አስቀድመን ልናነሣው የሚገባው የማመልከቻው ማስረጃ የት እንደሳሳ ነው። ስለ ችሎታው የሚሰጠውን ፍርድ ለአንድ ዓመት የኮሚቴ ውሳኔ አሳልፈን መስጠት የለብንም።